በብዕር ማደር ይቻላልን?

በዚህ ዕትም ስለ አንድ ጉዳይ የግል አስተያየቴን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ጉዳዩን ከመጽሐፍ ፈልጌ ያመጣሁት አይደለም። ከክፍሌ በር ላይ ነው ያገኘሁት።

በቅርቡ አንድ የፎርም ስሪ ተማሪ ከትምህርት በኋላ ቀርቶ፣ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» አለኝ። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ናይሮቢ ሊሄድ አስቧል። እዚያ ያለው የአክስቱ ልጅ «በኮምፒዩተር እየጻፍክ ትኖራለህ፤ አለቃ የለብህ፣ ሰዓት ፊርማ የለብህ፤ ፍሪላንስ ይባላል» ብሎታል። ልጁ ደግሞ መጻፍ ይችላል። ስለ ውኃ ቧንቧው ሰልፍ የጻፈውን ድርሰት በክፍል ባነበብኩት ቀን ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት እንኳ ዝም ብለው አዳምጠውታል። በሁለተኛው ቀን እናቱ መጡ። «መምህር፣ ልጄን ይሄ ጽሑፍ የሚሉት ነገር አሸፈተብኝ። ጽሑፍ እንጀራ ይሆናል ወይ? ቁርጡን ይንገሩኝ» አሉኝ።

ለልጁም ለእናቱም በዚያው ቀን መልስ አልሰጠሁም። ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ስለ ነበረ በችኮላ መመለስ አልፈለግሁም። ሁለቱንም አስፈቅጄ፣ ስማቸውን ሳልጠራ፣ መልሴን በዚህ አምድ አቀርባለሁ። ተመሳሳይ ሐሳብ በልባችሁ ያላችሁ ሌሎችም እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ለመሆኑ ፍሪላንስ ማለት ምን ማለት ነው? በእኛ አነጋገር የቁርጥ ሠራተኛ እንደምንለው ነው። ቅጥር የለውም፣ የወር ደመወዝ የለውም። የጻፈው ከተወሰደለት ይከፈለዋል፤ ካልተወሰደለት ድካሙ ለራሱ ይቀራል። ስሙ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ሥራው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛና ወንበር ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን፣ ራፖር ጸሐፊ የምንላቸውን፣ ከወላጆች መካከል የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ባለጉዳዩ ቆሞ ይናገራል፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ፤ ሲጨርሱ ሒሳባቸውን ይቀበላሉ። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ የቁርጥ ጸሐፊዎቻችን እነሱ ናቸው ብል ስሕተት አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ራሴ ልምድ ልለፍ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ እያለሁ ትምህርቴን ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ዲግሪ የለኝም። በሞያሌ በኩል ወጥቼ እዚህ ካኩማ ከገባሁ በኋላ በፈቃደኝነት ማስተማር ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ታናሽ እኅቴ በጠና ታመመችና የመንገድ ፈቃድ አግኝተን ለሕክምና ወደ ናይሮቢ ወረድን። ሕክምናው ዐሥር ወር ፈጀ። ኢስሊ አንድ የአገር ሰው ቤት ተጠግተን ከረምን። በእነዚያ ዐሥር ወራት፣ እኅቴ ሐኪም ቤት በማትቀርብባቸው ቀናት፣ ጠዋት ጠዋት የማታቱ ሒሳብ ላለማውጣት በእግሬ ወደ መሃል ከተማ እሄድ ነበር። ልቤ ውስጥ የነበረው ሐሳብ ያ ተማሪ የነገረኝ ሐሳብ ነበር። «ለምን ጸሐፊ አልሆንም?» እል ነበር።

ናይሮቢን ላላያችሁ ጥቂት ልንገራችሁ። በመሃል ከተማው ደቡባዊ ጠርዝ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የሚያልፈው ሰፊ ጎዳና የኃይለ ሥላሴ ጎዳና ይባላል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ታፔላውን ደጋግሜ አነበብኩት። ንጉሣችን በስማቸው መንገድ አላቸው፤ እኔ ግን በዚያው መንገድ ላይ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ፈቃዴ በኪሴ መኖሩን እዳስሳለሁ። ከዚያ ወደ ሰሜን ስትዘልቁ፣ ከጃሚያ መስጊድ አጠገብ፣ ማክሚላን የሚባል ቤተ መጻሕፍት አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን ደጁ ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሶች ተጋድመዋል። እስከ 1958 ድረስ ከነጮች በቀር ማንም አይገባበትም ነበር። እኔ ስገባ ማንም «ከየት ነህ?» ብሎ አልጠየቀኝም። በዚያ ትልቅ አዳራሽ ተቀምጬ በእጄ እጽፍ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቶም ምቦያ ጎዳና ገባ ብሎ ከሚገኝ አንድ ሳይበር ገብቼ፣ በደቂቃ እየከፈልኩ፣ የጻፍኩትን በኮምፒዩተር ገልብጬ ለጋዜጦችና ለመጽሔቶች እልክ ነበር።

ውጤቱስ? ሒሳቤን የያዝኩበት ደብተር አሁንም ስላለኝ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ። በዐሥር ወር ውስጥ 14 ጽሑፍ ላክሁ። 4 ታተመ። ከ4ቱ የተከፈለኝ የ2ቱ ብቻ ነው፤ ጠቅላላው 7,000 ሽልንግ። ለሳይበር፣ ለወረቀትና ለፎቶ ኮፒ ያወጣሁት ደግሞ 5,200 ሽልንግ ነው። ቀሪው 1,800 ሽልንግ የዐሥር ወር ትርፌ መሆኑ ነው። አንደኛው አዘጋጅ ጽሑፌን አትሞ ክፍያውን «በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ አራት ወር ካመላለሰኝ በኋላ ስልኩን ማንሳት ተወ። የት ሄጄ ልክሰስ? ውል አልተፈራረምንም። ደግሞም ስደተኛ ነኝ።

ታዲያ በምን ኖርክ ትሉኝ ይሆናል። የኖርኩት በራፖር ጸሐፊነት ነው! ኢስሊ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይጽፍ ወገናችን ብዙ ነው። ማመልከቻ፣ ደብዳቤ፣ ለትምህርት ቤት የሚገባ ቅጽ እያልኩ በ200 ሽልንግ እጽፍ ነበር። እኅቴ ትታከምበት በነበረው ሐኪም ቤትም አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ሕመምተኞች ከስዋሂሊ ተናጋሪ ነርሶች ጋር መግባባት ሲያቅታቸው አስተረጉም ነበር። ከዚህ ሥራ በዐሥር ወር 31,000 ሽልንግ ያህል አግኝቻለሁ። ልብ በሉ፤ ስሜን በጋዜጣ ያወጡልኝ ጽሑፎች አላበሉኝም፤ ያበሉኝ ማንም «ጽሑፍ» ብሎ የማይጠራቸው ደብዳቤዎች ናቸው።

አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ኬዝ ጻፍልኝ፤ 5,000 እሰጥሃለሁ» አለኝ። የራሱን ታሪክ ሳይሆን ሌላ፣ የበለጠ ያሳዝናል ብሎ ያሰበውን ታሪክ እንድፈጥርለት ነበር የፈለገው። እንቢ አልኩት። ጀግና ሆኜ ሳይሆን ፈርቼ ነው። በኋላ ሳስበው ግን ፍርሃቴ ትክክል ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርስ የሚጎዳው ያ ሰው ብቻ አይደለም። ከእሱ ኋላ ተሰልፎ እውነተኛ ታሪኩን የሚናገረውም እንዳይታመን ያደርገዋል።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን የሚቀጥለውን ነው። ያ የተማሪያችን የአክስት ልጅ «በኮምፒዩተር እየጻፉ መኖር» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ዛሬ በናይሮቢ ብዙ ወጣት «ጸሐፊ ነኝ» ሲል ጋዜጣ ላይ ይጽፋል ማለት አይደለም። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የሚማሩ ተማሪዎች መምህራቸው የሰጣቸውን የቤት ሥራ በገንዘብ ያጽፋሉ። ያንን የሚጽፍላቸው ናይሮቢ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት ነው። ኬንያ በዚህ ሥራ በዓለም ከታወቁት አገሮች አንዷ ሆናለች። አሠራሩም እንዲህ ነው። አንዱ ደንበኛ የሚያገኝበትን የኮምፒዩተር ሒሳብ ይይዛል፤ ሌላው ከእሱ ተከራይቶ ወይም ከእሱ ሥር ሆኖ በገጽ እየተከፈለው ይጽፋል። በአሜሪካ ቀን ሲሆን በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ስለሆነ ሥራው ብዙ ጊዜ የሌሊት ነው። ከዘገየህ ይቀነስብሃል። ስምህ የትም አይወጣም።

እኔም ሁለት ጽፌያለሁ። ይህን ለተማሪዎቼ መናገር ቀላል አይደለም፤ ግን ሳልናገር ልመክራችሁ አልችልም። የእኅቴ መድኃኒት አልቆ ነበር። የጎረቤታችን ኬንያዊ ወጣት፣ ደግ ልጅ፣ የራሱን ሥራ ከፍሎ ሰጠኝ። አንደኛው 8 ገጽ ነበር፤ በገጽ 300 ሽልንግ፣ 2,400 ሽልንግ ሊከፈለኝ። ርእሱ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንን ስለ መንከባከብ ነው። ያዘዘችው ወይም ያዘዘው ተማሪ ነርስነት የሚማር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጽፌ ጠዋት ላክሁና እኅቴን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። እዚያ ነርሷ መርፌ ልትወጋት ስትዘጋጅ ቆሜ እያየሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ይህቺኛዋስ የቤት ሥራዋን ራሷ ነው የሠራችው? ወይስ እንደ እኔ ያለ አንድ ቸጋራ ሠርቶላት ነው? ከዚያ ቀን በኋላ ሁለተኛውን ቃል ገብቼበት ስለነበር ጨረስኩት እንጂ ሦስተኛ አልነካሁም። መድኃኒቱን ግን በዚያው ገንዘብ ገዛሁ። ይህንንም አልደብቅም።

ያንን ኬንያዊ ጓደኛዬን ለመኮነን አይደለም ይህን የጻፍኩት። በዚያ ሥራ ሁለት ወንድሞቹን አስተምሯል። የተራበ ሰው የሠራውን የጠገበ ሰው ቢፈርድበት አያምርም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝ አገር የወጣ ሕግ ለተማሪ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መሸጥን ወንጀል አደረገው። በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ደግሞ ቻትጂፒቲ የሚባለው፣ የጠየቁትን በሰከንዶች የሚጽፈው ማሽን ለሕዝብ ተለቀቀ። ሰነፉ ተማሪ ለናይሮቢ ወጣት የሚከፍለውን ትቶ ወደ ማሽኑ ዞረ። በሚቀጥለው ዓመት ጓደኛዬ ሲደውልልኝ ሥራው ጥቂት ብቻ እንደቀረለት ነገረኝ። ሌላ የጽሑፍ ሥራ ሲፈልግ «የጻፍከውን አምጣና እንየው» ይሉታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ጽፏል፤ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የሚያሳየው አንድ ገጽ ግን የለውም። ሁሉም የሰው ስም አለበት።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ስደተኛ ቤቱን፣ መሬቱን፣ ሥራውን ትቶ ይወጣል። ይዞት የሚወጣው ስሙን ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው የጽሑፍ ንግድ ትንሽ የሚከፍለው አይደለም። ስምህን የሚወስድብህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እናቲቱ ጥያቄ ልመለስ። ጽሑፍ እንጀራ ይሆናል ወይ? እስኪ የታወቁትን እንመልከት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በዓሉ ግርማ በጋዜጠኝነትና በማስታወቂያ ሚኒስቴር ደመወዝ እየኖረ ነው ልብ ወለዶቹን የጻፈው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ብዕር ዋጋ ማስከፈሉን ከእሱ በላይ የሚመሰክር የለም። መጽሐፉ ግን ዛሬም ይነበባል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል።

እዚሁ ኬንያም ብንመለከት ያው ነው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በማከሬሬ ተማሪ ሳለ ነው ለናይሮቢ ጋዜጦች አምድ መጻፍ የጀመረው፤ ኋላም የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በናይሮቢ ሪቨር ሮድ ስለሚኖሩ የቀን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1976 የታወቀውን ልብ ወለድ ያሳተመው ሜጃ ምዋንጊ በፈረንሳይ ቴሌቪዥን ጣቢያና በብሪቲሽ ካውንስል ተቀጥሮ ሠርቷል። ቢንያቫንጋ ዋይናይና ደግሞ እንደ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳይጨርስ የቀረ ሰው ነበር። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ስለ ምግብና ስለ ጉዞ በፍሪላንስ ሲጽፍ ጎን ለጎን ምግብ እያዘጋጀ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የኬን ሽልማትን አገኘ፤ በ2003 ናይሮቢ ውስጥ «ክዋኒ?» የተባለውን መጽሔት መሠረተ። ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ብዕሩ በአንድ እጅ፣ መተዳደሪያው በሌላ እጅ ነበር።

የጋዜጠኝነቱ መንገድስ? በአገራችን የፕሬስ ነፃነት አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። ብዙ ወጣት ጸሐፊም በቁርጥ ክፍያ መጻፍ ጀመረ። ነገር ግን ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ፣ አዘጋጆችም ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና በስድስት የግል ኅትመቶች ላይ ክስ ተመሠረተና ብዙ ጋዜጠኞች ተሰደዱ፤ ከእነሱም መካከል ናይሮቢ የገቡ አሉ። በአገሩ ስሙ የታወቀ ጸሐፊ በማያውቀው ቋንቋ ከተማ ውስጥ እንደ ማንኛውም ስደተኛ ሰልፍ ይሰለፋል። ስለዚህ «ናይሮቢ ስገባ ብዕሬ ያኖረኛል» ብሎ የሚያስብ ሁሉ ከእሱ የበለጠ የጻፉ ሰዎች እዚያው እንደተቸገሩ ይወቅ።

በሌላ በኩል ግን «ስደተኛ ጸሐፊ አይሆንም» የሚለኝም አይሳሳት። በዚሁ በካኩማ እ.ኤ.አ. በ2008 ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ስደተኞች ካኔሬ የተባለ የራሳቸውን ነፃ ጋዜጣ አቋቁመው ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ ነው። ሥራቸውም ከካምፑ አጥር አልፎ ታውቋል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ጠንካራ ጥያቄ እንደምታነሡ አውቃለሁ። «ቲቸር፣ እዚህስ ምን አለ? ትምህርት ጨርሰን በኢንሴንቲቭ ነው የምንሠራው። እርስዎ ራስዎ ደመወዝ የለዎትም።» እውነት ነው። የማገኘው ኢንሴንቲቭ የሰው ደመወዝ አይባልም። ይህን በደል «ታገሡ» ብዬ ላለባብሰው አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ስደተኛው በሚመለከተው የኬንያ አካል ዕውቅና ያገኘ የትምህርት ማስረጃ በያዘበት ሙያ እንዲሠራ መብት ይሰጠዋል። ሕግና አፈጻጸም የተራራቁ መሆናቸውን ሁላችንም እናያለን። ሆኖም በሩ በሚከፈትበት ቀን መጀመሪያ የሚጠየቀው ማስረጃው ነው። ከፎርም ስሪ ያቋረጠ ልጅ ያን ቀን ምን ይዞ ይቀርባል? እኔ ከሦስተኛ ዓመት ያቋረጥኩት በራሴ ፈቃድ አልነበረም፤ እስከ ዛሬ ግን ያንን የጎደለ ወረቀት በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ እየከፈልኩበት ነው። በፈቃዳችሁ ይህን ዕዳ አትግቡበት።

እንግዲህ የእኔ መልስ ይህ ነው። ጻፉ! ነገር ግን ብዕራችሁን የቤታችሁ ብቸኛ ምሰሶ አታድርጉት። ምክሬንም በአጭሩ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ፎርም ፎርን ጨርሱ። ጽሑፍ ሁለት ዓመት ብትጠብቁት አይሸሽም።

ሁለተኛ፣ ሦስቱን ቋንቋዎች አጥብቃችሁ ያዙ። አማርኛችሁን ቤት ውስጥ፣ እንግሊዝኛውንና ስዋሂሊውን ክፍል ውስጥ። ለጸሐፊ የመጀመሪያው እንጀራ ብዙ ጊዜ ትርጉም ነው። በናይሮቢ ያበላኝም እሱ ነው። አማርኛንም ስዋሂሊንም አጣርቶ የሚጽፍ ሰው በዚያ ከተማ እንደልብ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ስለ ክፍያው ተነጋገሩና በጽሑፍ ያዙት። «ሥራ እንድትጀምር መጀመሪያ ክፈል» ከሚል ሰው ሽሹ። ሒሳባችሁን በደብተር መዝግቡ። የእኔ ደብተር ባይኖር ኖሮ በዐሥር ወር ያተረፍኩት 1,800 ሽልንግ መሆኑን አላውቅም ነበር። «እየሠራሁ ነው» እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

አራተኛ፣ ከስማችሁ ውጭ አትጻፉ። ለሌላው ተማሪ የቤት ሥራውን፣ ለሌላው ስደተኛ ያልሆነውን ታሪክ አትጻፉለት። ማመልከቻ ስትጽፉለትም የነገራችሁን እንጂ የሚያዋጣ የመሰላችሁን አትጻፉ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ ጥግ ይዞ ሲጽፍ ብታዩት ሥራ ፈቷል አትበሉ። እኔ የማውቀው አብዛኛው ሰው ሐሳቡን አስተካክሎ መናገር የተማረው በመጻፍ ነው። ጸሐፊ ባይሆን እንኳ መምህር፣ ነርስ፣ ነጋዴ ሲሆን ይጠቅመዋል። ይልቅ ማታ አንድ ሰዓት መብራትና ጸጥታ ስጡት። የጻፈውንም አስነብቡትና ስሙት። ማንበብ የማትችሉም ብትሆኑ መስማት ትችላላችሁ። ልጅ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሰው ካገኘ ሰሚ ፍለጋ ናይሮቢ ድረስ አይኮበልልም።

እኔስ ምን ወሰንኩ? የእኅቴ ሕክምና ሲያበቃ ያ ጎረቤቴ «እዚሁ ቅር፤ አብረን እንጽፋለን» ብሎኝ ነበር። ሦስት ቀን አሰብኩበት። የመጨረሻውን ቀን ማክሚላን ሄጄ አንበሶቹ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ገለጥኩ። በአንድ ገጽ ያገኘሁትን፣ በሌላው ያጣሁትን ጻፍኩ። ከዚያም በሎድዋር በኩል ወደ እናንተ ተመለስኩ። አልዋሻችሁም፤ አልፎ አልፎ፣ በተለይ ኢንሴንቲቩ በሚዘገይበት ወር፣ ያ ውሳኔዬ ይቆጨኛል። ግን እስከ አሁን እየጻፍኩ ነው። ሌሊት ሲበርድ፣ አቧራው ሲያርፍ እጽፋለሁ፤ ጠዋት አስተምራለሁ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጽሑፍ ይታተምልኛል። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የእኔ ስም አለበት።

ስለዚህ ልጄ፣ የፎርም ስሪው፣ ለአንተ የምሰጥህ መልስ «አትሂድ» የሚል ብቻ አይደለም። ፎርም ፎርን ጨርሰህ፣ ማስረጃህንና ፈቃድህን ይዘህ፣ ሌላም የምትሠራው ሥራ አግኝተህ ከሄድክ፣ የአንበሶቹን ደረጃ አሳይሃለሁ። እስከዚያው ግን ስለ ውኃው ሰልፍ የጻፍከውን ድርሰት ለዚህች ዜና መጽሔት ስጠን። የምንከፍልህ ገንዘብ የለንም። ስምህን ግን ከነአባትህ ስም ከላይ እናወጣዋለን፤ እናትህም ቆርጠው ያስቀምጡታል።

በሉ፣ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ። ተቃውሞም ካላችሁ ጻፉልን፤ በስማችሁ ይውጣ።

ቸር ይግጠመን።